የጎደለችው ፊደል

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጋሼ ፈጣኑ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት አንዲት የኮድ መስመር ናት። ከስድስት ዓመት በፊት የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም እንዲፈጥን ብሎ ፋንክሽን ከሚባል አንድ የኮድ ቁራጭ አናት ላይ የኢንላይን ትእዛዝ ጽፎ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር፣ «ይህ በተጠራበት ቦታ ሁሉ ውስጡን ገልብጠህ ለጥፍ» ብሎት ነበር። ፕሮግራሙ ፈጣን ነው፤ ምስጋናውንም ጠቅልሎ የወሰደው ጋሼ ነው። ፍጥነቱ ከመስመሯ መምጣቱን ግን ለክቶም አያውቅ። የኮምፓይለሩን ማስጠንቀቂያ ሳይቀር «የፈሪ ጩኸት» ብሎ አዘግቶታል።

ማክሰኞ ረፋድ፣ ከተቀጠረች ወር ያልሞላት ልጅ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ማስጠንቀቂያውን ከፈተችው። ትልቁ ስክሪን ላይ መጀመሪያ የወጣው የጋሼ መስመር ነው። ትእዛዙ አንድ ፊደል ጎድሎታል። ኮምፓይለሩ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ተራ ማስታወሻ እየዘለለው ሲያልፍ ኖሯል።

ጋሼ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «የጣት ስህተት ናት! ፊደሏን አስገቢና እዪ!» ብሎ ጮኸ።

አስገባች። ኮዱ በየቦታው እየተለጠፈ አበጠ፤ ፕሮግራሙም እንደ ኤሊ ተጎተተ። ለካ እስከ ዛሬ የፈጠነው ኮምፓይለሩ ስላልሰማው ነው!

ሰዉ ሳቁን ለማፈን ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ፊደሏን መልሼ ላውጣት፣ ጋሼ?» አለችው።