ጥላ ያጠፋሁበት ፎቶ

ልጄ እዚህ ቆቦ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ከፍታለች። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ወጥራ ሙሽሮቹን ከፊቱ ታቆማለች፤ በኋላ ጨርቁን በኮምፒውተር አጥፍታ ባሕር ዳርቻ ታስቀምጣቸዋለች። ጨርቁ ላይ ጥላ ካረፈ ቆረጣው ይበላሽብኛል እያለች መብራት ስታዟዙር ትውላለች። ባለፈው "አባዬ፣ አንተ የድሮ ፎቶ አንሺ ነህ፤ ጥላውን እንዴት ላጥፋው?" ስትለኝ ተቆጥቼ ወጣሁ። ምን እንዳስቆጣኝ እስካሁን አልነገርኳትም።

በስልሳ አምስቱ ረሃብ እኔም ቆቦ ላይ ፎቶ ቤት ነበረኝ። መብራቴ በበር የሚገባው ፀሐይ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን አዝላ ከዋጃ በእግሯ መጣች። ባሏ አሰብ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነው። መጻፍ አትችልም፤ በሰው የላከችለት ቃልም መልስ አላመጣላትም።

"ወንድሜ፣ ልክ እንዳለነው አርገህ አንሳን" አለችኝ። "ካየን ይመጣል። በአላህ፣ ልጄ እየደከመችብኝ ነው።"

እንዳለሁ አንሳኝ የማይል ደንበኛ የለም፤ ጉንጩ ጎድጉዶ ሲወጣ ግን ከእኔ ጋር ይጣላል። ስለዚህ የነገረችኝን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ተርባ መታየቷ ውርደት መሰለኝ። በእጄ ሙያም እመካ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

ነጭ ነጠላዋ ከደንበኛ ኋላ ከምወጥረው ነጭ አቡጀዲ ጋር ተዋህዶ ጠርዙ እንዳይጠፋብኝ ከኋላዋ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። የበሩ ብርሃን አንዱን ጉንጯን ጉድጓድ ስላስመሰለው፣ አቡጀዲውን በዚያ ጎን ወጥሬ ብርሃኑን መለስኩላት። ጥላው ሲጠፋ ረሃቡም አብሮ ጠፋ። የቀረውን የአንገቷን አጥንት ጉድጓድ ፊልሙ ላይ በእርሳስ ሞላሁት። ከዚያ ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ እናትና ልጅን በምላጭ ዙሪያቸውን ቆርጬ፣ ከቀን መቁጠሪያ በቀደድኩት የአትክልት ቦታ ሥዕል ላይ፣ ፏፏቴው አጠገብ ለጠፍኳቸውና እንደገና አነሳሁት።

በሦስተኛው ቀን መጥታ ፎቶውን ብዙ አየችው።

"ይቺ ማን ናት?" አለች። ሙገሳ መስሎኝ ሳቅሁ። "ወንድሜ፣ ይኼን አይቶ ይመጣል?"

"አብሽሪ፣ ናፍቆቱ አያስቀምጠውም" አልኳትና ወደ አሰብ ለሚሄድ ሾፌር ሰጠሁላት።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሮቢት መንገድ ዳር የወደቁትን ከሚቀብሩ ሰዎች ጋር አካፋ ይዤ ነበር። ሁለቱ እዚያ ነበሩ። እናቲቱን ያወቅኳት ያን ያጠፋሁትን የጉንጯን ጉድጓድ አይቼ ነው።

ዝናቡ ከመጣ በኋላ ባልየው ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆመ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፎቶውን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል።

"ወንድሜ፣ ይኼን ያነሳኸው አንተ ነህ አሉ። አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው ብዬ ሥራዬ ላይ ቆየሁ። ወላሂ፣ ወደቡ ላይ ያላሳየሁት ሰው የለም።" ጣቱን ፏፏቴው ላይ አሳረፈ። "ቤታችን ባዶ ነው። ውሃ ያለበት ሄደው ይሆናል ብዬ ነው። ይኼ ቦታ በየት በኩል ነው?"

እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም። በሩን ዘግቼ "ተከተለኝ" አልኩት። እስከ ሮቢት ድረስ ልጅቷ ትሮጣለች ወይ፣ ውሃው ለከብት ይበቃል ወይ እያለ ጠየቀኝ፤ እኔ ከፊት ከፊቱ እየሄድኩ ዞሬ ላየው አልቻልኩም።