ጨርቅ ያዧ

«ፎቶዋስ የት አለ?»

እህቴ በሞተች ማግስት ሊያስተዛዝን የመጣው ሁሉ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ፎቶ የላትም። አንድም! ባሏ ደግሞ ፎቶ አንሺ ነው። የሰፈሩን ሰው አንድ ሳያስቀር ያነሳ፣ «ፈገግ በሉ!» ሲል ኖሮ ስሙ ራሱ «ፈገግ በሉ» ሆኖ የቀረ፣ እሱ ግን ፈገግ ሲል ያላየነው ሰውዬ። «ጉድ እኮ ነው» ተባባሉ ሴቶቹ። እኔ ታናሽ እህቷ እንኳ አንድ ፎቶዋ የለኝም።

እውነት እውነቱን እናውራና ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። እህቴ ካሜራ ፊት ቁሚ ሲሏት ሥራ ትዝ ይላታል። «ተወኝ እስቲ፣ የእኔን ፎቶ ማን ሊያየው ነው?» ትልና ውልቅ። በሌላ ነገር ሁሉ እሳት የላሰች ሴት፣ ካሜራ ስታይ ትሸሻለች።

የፎቶ ቤቱ ክፍል ጠባብ ነው። መሐል ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ ሰማያዊ ጨርቅ። የጨርቁ አንድ ጫፍ የመስኮቱ ብረት ላይ ታስሯል። በሌላው በኩል ግድግዳው ስለሚፈረፈር ምስማር አይይዝም፤ ስለዚህ ያንን ጫፍ እህቴ ቆማ በእጇ ትይዘዋለች። ካሜራው ወርዱንና ቁመቱን እኩል አድርጎ ስለሚያነሳ እሷም ዳር ላይ ትገባለች። እሱ ሲያትም ዳሩን ይቆርጠዋል።

«ክንድሽ ገባ» ይላታል።

«ታዲያ መቀስህ ለምንህ ነው?»

የትዳራቸው ወግ ይኸው ነበር። እንጨት መትቶ ጨርቁን ማንጠልጠል አቅቷቸው አይደለም፤ ለመዱትና ቀረ።

ካሜራው ባለሁለት ዓይን የድሮ ዕቃ ነው። በላይኛው ዓይን የገባውን ምስል አናቱ ላይ ባለች መስታወት አጎንብሶ ያያል፣ ፊልሙ ላይ የሚቀርጸው የታችኛው ነው። እህቴ ከመሞቷ ቀደም ብሎ ይሄ ካሜራ አመል አወጣ። የሰው ፊት በእንፋሎት ውስጥ እንደሚታይ ይደበዝዝ ጀመር። የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ፎቶውን ተቀብሎ ገለበጠው፣ አገላበጠው።

«ጋሼ፣ የጨርቁ ስፌት አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔስ የት ሄድኩ?»

ባልየው የካሜራውን እግር አጠበቀ፣ ሁለቱንም ዓይኖች ወለወለ፣ ፊልም ቀየረ። ውሃ ወቀጣ ሆነ። በመጨረሻ «ዓይኔ ነው፣ አርጅቻለሁ» ብሎ መነጽር ገዛ። እሱም አልረዳው። የተበላሹትን ፊልሞች ሊጥል ሲል እህቴ ነጠቀችውና ጫማ ካርቶን ውስጥ ከተተቻቸው። «የሰው ፊት ቆሻሻ ላይ አይጣልም!»

ከዚያ ሳይታሰብ ሞተች። ልቧ ነው አሉ።

እንግዳው ሲመናመን ባልየው ካሜራው ሳይበላሽ በፊት ያነሳቸውን የድሮ ፊልሞቹን እያወጣ በመስኮት ብርሃን አያቸው። ሁሉም ላይ ዳር ቆማ አለች፤ ደንበኛው ጥርት ሲል እሷ ሁሉም ላይ ደብዝዛለች። «ዕድሜ ልኬን ጉም ሳነሳ ኖርኩ» አለኝ። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

በበነጋው ስመጣ ወንበሮች አንዱን ከአንዱ ኋላ ደርድሮ፣ በየወንበሩ ላይ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን አቁሞ ያነሳል። አበደ አልኩ።

«እህቴ አፈሯ ሳይደርቅ ስለ ካሜራ ነው የምታስበው?»

የዘመመ ካርቶን አቃንቶ ደግሞ አነሳ። ፊልሙን አጥቦ አሳየኝ። ፊተኛው ካርቶን ላይ አነጣጥሮ፣ ጽሑፉን በመስታወቷ አጥርቶ እያነበበ ነው ያነሳው። ፊልሙ ላይ ግን ፊተኛው አይነበብም። የሚነበበው ከኋላው ያለው ነው።

«ዓይኔ አይደለም!» አለ። መስታወቷን ነቅሎ በጥፍሩ ዳበሳት። አንድ ፊቷ ለስላሳ፣ አንድ ፊቷ ሻካራ ነው። ሻካራው ወደ ታች መዞር ሲገባው ወደ ላይ ነው። ተገልብጣለች፤ ስለዚህ እሱ ፊተኛውን ሲያጠራ ካሜራው ኋለኛውን ያጠራል።

«ማነው የነካት?»

ለሁለታችንም እኩል ትዝ አለን። «ካሜራህ አቧራ ጠግቦ ነበር፣ ውስጡን ሳይቀር ወለወልኩልህ» ብላው ነበር እህቴ፣ ካሜራው አመል ከማውጣቱ በፊት፣ እኔ ባለሁበት። መስታወት ፊትና ጀርባ እንዳለው ማን ነግሯት!

«ሞታም ልትወቅሳት ነው?» አልኩት።

ወንበሮቹን ትክ ብሎ አያቸው። «ከደንበኛው ኋላ የሚቆመው ማን ነበር?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ የጫማውን ካርቶን ሊያመጣ ሄደ።

ፎቶ በሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ የፎቶ ወረቀቱ ማጠቢያው መድኃኒት ላይ ተንሳፈፈ። መጀመሪያ የመጣው ሥጋ ሻጩ ነው፣ እንደ ሊጥ ተድበልብሎ። ከዚያ ዳሩ ላይ እህቴ መጣች። ክንዷን አንስታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሥጋ ሻጩ ደረቱን ስለነፋ ሳቋን በከንፈሯ አፍና። ሽበቷ። አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ። «ወይኔ እህቴ!» ብዬ ጮህኩ። እሱም አለቀሰ፣ አላፈረም።

ሳይቆርጥ ሰቀለው። ሥጋ ሻጩ መጥቶ ራሱን ከነጉሙ ግድግዳ ላይ አገኘው። «እኔስ ልጥፋ ግዴለም፣ እሷ ቁርጥ ራሷን ናት» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

መስታወቷ ሻካራ ፊቷ ወደ ታች ሆኖ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ ፎቶ ቤቱም ተከፈተ። ግድግዳው አሁንም ምስማር አይይዝም፤ ጨርቁን የምይዘው እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ስትቀመጥ ባልየው «ፈገግ በሉ!» አለና ካሜራው ላይ አጎነበሰ። ካሜራውን ትንሽ ወደ ዳር፣ ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«አንቺም» አለኝ።