የአሥራ አንድ ሰዓቱ ሰርቪስ

ሰሞኑን አንድ የተማሪ ሰርቪስ ጎህ ሳይቀድ በራችን ላይ ክላክሱን ሲያንባርቀው፣ ወደ አርባ የተጠጋሁ ሴትዮ ብርድ ልብሱን ገፍፌ የደብተር ቦርሳዬን መፈለግ ጀመርኩ።

ከአዲስ አበባ ወጥተን ሱሉልታ ስንገባ ስምንተኛ ክፍል ልጀምር ነበር። አባቴ በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት እንድገባ ቢፈልግም፣ እናቴ «ቤታችን እንጂ ልጄ ከከተማ አልወጣችም» ብላ ድርቅ አለች። ከመስከረም ጀምሮ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል እየተነሳሁ፣ ቁርስ አልወርድ ስለሚለኝ ወፍራም ቡና ግጥም አድርጌ፣ አዲስ አበባ ወዳለው ትምህርት ቤቴ በአሥራ አንድ ሰዓቱ ሰርቪስ የእንጦጦን ዳገት እያንቀላፋሁ እወጣ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ የሱሉልታን ሣር ሲያነጣው፣ ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቅ ጀመር። የፈተና ወረቀት ሲሰጠኝ ያጠናሁት ሁሉ ይጠፋል፣ የምሞት ይመስለኝ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክር እንቅልፍን ያነሳ አንድ ሰው የለም። እናቴ «ዓይን ነው» ብላ ቆረጠች፤ መድኃኒቱም ጠበል ሆነ፣ ያውም በባዶ ሆድ፣ ከሰርቪሱ በፊት። እንቅልፍ ያጣችን ልጅ በዘጠኝ ሰዓት ቀስቅሶ ማዳን! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ጎረቤታችን ኦቦ ደቻሳ በር ላይ አግኝተውኝ «አካም ቡልቴ፣ ልጄ? እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ «መች አደርኩና» አልኳቸው።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ተዘጋ፤ መንገዱ ስለጨቀየ ጠበሉም ቀረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እስከ ሦስት ሰዓት እተኛ፣ ተነስቼ ጠግቤ እበላ፣ ሲያባራ ከሰፈር ልጆች ጋር ጭቃ ላይ ኳስ እጫወት ነበር። ነሐሴ ሳይጋመስ ልቤ አደብ ገዛ። አባቴ ደስ ብሎት «አየሽ? እዚሁ ትማር» ቢላት፣ እናቴ «ምን ሆና? ጠበሉ አድኗት የለም እንዴ?» አለችና ለመስከረም ሰርቪሱን አስመዘገበችኝ። በመዳኔ ተፈረደብኝ።

አሁን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ እዚሁ ሰፈራችን ነው የምትማረው። ስልኳን ከእጇ ለማስለቀቅ ማታ ማታ እንጣላለን፤ ቢሆንም ተኝታ ታድራለች፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፍርፍሯን እያላመጠች ትቀመጣለች። ባለፈው እናቴ ልትጠይቀን መጥታ አየቻትና «እናትሽ በዚህ ሰዓት ክፍል ገብታ ቁጭ ብላ ነበር» አለቻት፣ በኩራት።

ልጄ ወደ እኔ ዞራ «ምን ምን ትማሪ ነበር?» አለችኝ። ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ትዝ ያለኝ የልቤ ድለቃ ብቻ ነው።