የዑሙሰልማ እርሾ

ሞጣ ገበያ ዳር ከእኔ ጋር በአንድ አጥር የምትዋሰነው ዑሙሰልማ ቀሪቦ ትጠምቅ ነበር፤ እኔ ጠላ። ሁለታችንም ገብስ ስንቆላ ጭስ ዓይናችንን ያቀላዋል፤ የእኔ መጠጥ ግን ያሰክራል፣ የእሷ አያሰክርም። ባሏ ሐምዱ ይችን ይዞ «ጥሩአየሁ ታጣላለች፣ የኔዋ ታስታርቃለች» እያለ በሰው ፊት ይቀልድብኝ ነበር። ሐምዱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጨዋታ ወዳድ ነው። ጨዋታ ወዳድ ባል ግን ሚስቱ የልቧን ስትነግረው እንኳ የምትቀልድ ይመስለዋል።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ አካባቢ ነው። ዑሙሰልማ ከቢቸና በበቅሎ ተድራ ስትመጣ እናቷ ከልብሷ ጋር አፉ የተከደነ ቅል አስይዘዋት ነበር። በቅሉ ውስጥ ያለው የቀሪቦ እርሾ ነው። የአሠራሩን ነገር ካነሳን፣ ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይፈላና በነጭ ሻሽ ይጠለላል፤ ሲበርድ ስኳርና እርሾ ገብቶበት በወይራ በታጠነ ጋን ይከደናል። ይኼን ማንም ያውቀዋል። የእሷ ግን ዝንጅብል አለበት፣ ጦስኝ አለበት፣ አንዳንዴም የሎሚ ልጣጭ ጣል ታደርግበታለች። እርሾው እንደ ጨቅላ ልጅ ነው፤ ከየጋኑ ግርጌ ጥቂት ተቀንሶ ወደ ቅሉ ይመለሳል፣ ስኳር ያለው ውኃ ይጠጣል፣ ቸል ካሉት ይሞታል።

መጀመሪያ የጠመቀችው ለመውሊድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሞጣ እስላም ሁሉ ያለ እሷ ቀሪቦ ኒካህ ማሰር የማይችል ሆነ። አማቷ ወይዘሮ ኸይራት በኩራት አንገታቸው ቀና አለ። ልጅቱ ደግሞ ከጋኑ ጋር ታሰረች። እናቴን ልይ ባለች ቁጥር የሚመለስላት አንድ ነገር ነው።

«ሂጂ እንጂ ልጄ፣ ማን ከለከለሽ? እርሾው ግን ካላንቺ ይሞታል» ይሏታል።

የባሏን እህት አስተምሪያት ቢሏት አስተማረች። ልጅቱም ጠመቀች፤ እንግዳው ቀመሰና «እጁ ሌላ ነው» አለ። በቃ፣ በዚያው ቀረ። እኛ አገር እጅ ከጣፈጠ ባለቤቲቱ የእጇ ባሪያ ናት። እኔስ ብሆን ጠላዬ ጥሩ ነው እየተባልኩ ስንት ክርስትና አምልጦኛል! ግን የእኔ እናት ከደጄ ናት።

አንድ ቀን ገብስ ልትቆላ ወደ እኔ መጣችና «እትዬ ጥሩ፣ ዛሬ አበላሸዋለሁ» አለችኝ። ጤና አዳም በእፍኟ ሙሉ ይዛለች። ፈሪ ናትና አታደርገውም ብዬ ነበር፤ አደረገችው። ሁሉንም ጋኑ ውስጥ ጨመረችው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ጠጡና «ይኼስ መድኃኒት ነው፣ ሆድ ያጥባል» ብለው ለቤታቸው ሳይቀር በቅል አስቀዱ። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ አጥሩን ተደግፋ አለቀሰች።

ያን ዓመት ረመዳን ሲገባ እናቷ መታመማቸው ተሰማ። ለማፍጠሪያ ቀሪቦ ያስፈልጋልና ረመዳን ይለፍ ተባለች። ረመዳን አለፈ፣ ዒድ መጣ። ዒድ አለፈ፣ የባሏ እህት ሠርግ ደረሰ። ዑሙሰልማ ከስታ ጉንጯ ገባ። «እርሾውን አንድ ቀን ሜዳ ላይ እደፋዋለሁ፣ ጠላሁት፣ ጠላቴ ነው» ትለኝ ነበር፤ ማታ ማታ ግን ስኳሩን በጥብጣ ታጠጣዋለች።

ከሠርጉ በኋላ ከቢቸና አንድ የጨው ነጋዴ መጣ። በቅሎውን ሳያራግፍ ሐምዱን ከበር ውጭ ጠርቶ አነጋገረው። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ ድምፃቸው ግን አልተሰማኝም። ሐምዱ ከዚያ በኋላ ያ ጨዋታው ጠፋ። ለሚስቱ ነጠላ ገዛላት። ወይዘሮ ኸይራትም እንደ ገዛ ልጃቸው እጇን ይዘው፣

«ልጄ፣ አሁንስ ትሄጃለሽ። ብቻ ለዱዓ የሚመጡ እንግዶች አሉብን። ትልቁን ጋን ሙዪልኝ፤ እሱ ሲደርስ በቅሎ ይጫንልሻል» አሏት።

ዑሙሰልማ በደስታ አበደች! የቆላችው እኔ ዘንድ ነው፤ ስትቆላም ስታንጎራጉር ሰማኋት፣ በስንት ጊዜዋ። ያላትን ዝንጅብል ሁሉ ጨመረችው፣ ጦስኙን ከራሷ ጓሮ ቀጠፈች። «እናቴ እንደምታደርገው አድርጌ ነው» አለችኝ። ጋኑ ገና ሳይደርስ በትንሽ ቅል ለእናቷ ቀንሳ አስቀመጠችላቸው፤ መንገድ ላይ ይደርሳል ብላ። ልብሷንም አሰረች።

ጋኑ በደረሰ ማግስት ጎሕ ሲቀድ በአጥሩ በኩል የሰው እግር ሰማሁ። ወጥቼ ባይ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየገባ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ በንጋት ነው የሚረዳው፤ ያዘነው ሰው ሌሊቱን ብቻውን እንዳይሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲከበው። ለመጣውም ሰው የሚቀርብ መሰናዳት አለበት። ይኼን ወግ የእኛም ሰው የእነሱም ሰው ያውቀዋል፣ እኔም አልነቅፈውም። ለእኔ አስቀድመው ያልነገሩኝ አፌ እንደማይችል ስለሚያውቁ ነው፤ ልክ ናቸው፣ አልችልም ነበር።

ዑሙሰልማ ለመንገድ ለብሳ፣ ለእናቷ የቀነሰችውን ቅል በእጇ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ሰዉን አየች። ሼኹ «ኢና ሊላሂ» ሲሉ ገና ሳይጨርሱ ገባት። አልጮኸችም። ወደ አማቷ ዞራ፣

«እሜቴ፣ ጋኑን ለእናቴ መርዶ ነው ያስጠመቁኝ?» አለች።

ወይዘሮ ኸይራት አቀረቀሩ። «ካላንቺ ማን ይችላል ልጄ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።

ሰዉ አለቀሰ፣ ዱዓ አደረገ፣ ከዚያም ቀሪቦው ተቀዳ። ለእኔም ተሰጠኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያን ቀን ጣፍጦ አያውቅም። አንዱ ሽማግሌ ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸም አደረግሁት።

የሐዘኑ ቀን ሲያልፍ ሐምዱ ቃሉን አከበረ። በቅሎውን ጭኖ በር ላይ አቆመ። «መቃብራቸውን እዪ፣ ከወገኖችሽ ጋር ተቀመጪ፤ የፈለግሽውን ያህል ቆዪ» አላት። ማንም አልከለከላትም። ወይዘሮ ኸይራት እንኳ ስለ እርሾው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ስንቅ ይዤ ልሸኛት ስገባ ጓዳ ውስጥ ተንበርክካ ስኳር ትበጠብጣለች።

«ተነሽ እንጂ አንቺ፣ ፀሐይ ሳይበረታ!» አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። ውኃውን በእርሾው ቅል ላይ ቀስ አድርጋ ታፈሳለች።

«የት እሄዳለሁ እትዬ ጥሩ? ይኼ የእናቴ እጅ ነው። ትቼው ብሄድ ይሞታል፤ ይዤው ብሄድስ ለማን?» አለችኝ።

ሐምዱ እስከ እኩለ ቀን ድረስ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ በቅሎውን አራገፈ።