የአባቴ ፍሬን

አባቴ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ማሳዎች ሙዝ ጭኖ ወደ ሲቀላ ገበያ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋቢና አስቀምጦ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ እነጫነጫለሁ። አባቴ መኪና የሚነዳ ሳይሆን ሰው ሊጠይቅ የወጣ ነበር የሚመስለው። ማሳ ዳር የቆመ ሽማግሌ እጁን ካነሳ፣ ፍሬን። ከገበያ የምትመለስ ሴት ካየ፣ ፍሬን። አንገቱን በመስኮት ያወጣና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ቤት ውስጥ ስለታመመው ሰው አንድ በአንድ ይጠይቃል።

«አባባ፣ ፀሐዩ ገደለን እኮ!» ስለው፣

«ሰው እያየሽ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ? ነውር ነው» ይለኛል።

ያ ሙቀት፣ ያ የበሰለ ሙዝ ሽታ፣ ያ ማለቂያ የሌለው ሰላምታ ዛሬ ክፉኛ ይናፍቀኛል።

ባለፈው ዓመት የመኪናው ባለቤት የሾፌሮቹ ስልክ ላይ አፕ አስጫነ። አፑ ፍጥነቱን፣ የመሪ አዟዟሩን፣ ፍሬን አያያዙን፣ እየነዱ ስልክ መነካካቱን ሁሉ እየመዘገበ የቀኑ ሥራ ሲያበቃ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ዝቅ እንዳለ ወር የሞላው ሾፌር መኪናውን ያስረክባል ተባለ።

በሾፌርነት ዘመኑ ሁሉ ሰው ገጭቶ የማያውቀው አባቴ አርባ አንድ አመጣ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ሌላ ሥራ አያውቅም፣ መኪናውን ከተቀማ ቤት መዋሉ ነው። ዝርዝሩን ከፈትኩለት። በፍጥነት በኩል አንድም ጥፋት የለበትም። ካርታው ላይ የተረጨው ቀይ ነጥብ በሙሉ ድንገተኛ ፍሬን ነው። እሱ እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ ያነብልኝ ጀመር።

«ይቺ እግሯን የሚያማት ሴትዮ ናት። ይሄ የአማቼ ማሳ ነው። ይሄ ደግሞ የአብሮ አደጌ ደጅ።»

እውነቱን ለመናገር አፑ አልዋሸም። ከኋላችን የሚመጣ ባጃጅ ስንት ጊዜ ለጥቂት ስቶናል። ስለዚህ አስተማርኩት። «ክላክስ አድርግላቸው፣ እጅህን አሳያቸው፣ እለፍ» አልኩት። ያ እኔን ሲቆጣ የኖረ ሰው እንደ ተማሪ ሰማኝ። በወሩ ዘጠና ሦስት አመጣ፣ መኪናውም እጁ ላይ ቀረ። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። አብሮ አደጉ ሞቷል። ያወቀው በሟቹ ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሎ ሲያይ ነው። ሰውየው ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ሲማቅቅ አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀውም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያስተማርኩት እኔ ነኝና አፈርኩ። እሱም እንዲህ አለኝ፦

«በየቀኑ ደጁ ላይ ክላክስ እያደረግኩ ነበር የማልፈው። እሱ ለካ ውስጥ ተኝቶ ይሰማኝ ነበር።»