ኸይረዲን አፍ ሲያወጣ

ቆቦ ገበያ ውስጥ ኸይረዲንን የማያውቅ የለም፤ ድምፁን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ግመል ረግጦት የፊት ጥርሶቹን ካረገፈበት ጀምሮ ሰው ፊት አፉን ከፍቶ አያውቅም። ማሽላቸውን ስትሸጥ ዋጋ የምትከራከረው፣ ለቅሶ ቤት ገብታ «አላህ ያጥናችሁ» የምትለው ሚስቱ ራዊያ ነበረች። እሱ አጠገቧ ቆሞ፣ አፉን በፎጣው ጫፍ ሸፍኖ ራሱን ይነቀንቃል።

አምና ራዊያ ከአባቷ የወረሰቻትን ላም ሸጠችና ወልዲያ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሊሞርድ ሲነሳ፣ «ደህናዎቹን ለምን ይነኩበታል?» ብላ የተቆጣችውም እሷው ናት።

«እህቴ፣ አዲሶቹን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው» አላትና የጥርስ ድልድዩን፣ እርስ በርስ የተያያዙትን ሰው ሠራሽ ጥርሶች፣ በላያቸው ላይ ገጠመለት።

ሰውዬው ከዚያ ወዲህ አፉ አላረፈም። ሳቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሲስቅ ሲስቅ ዋጃ ላይ ሌላ ሴት ለመደ፤ ዘንድሮ ራዊያን ፈትቶ እሷን ሊያገባ ተነሳ።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝና ሽምግልናው ላይ ተቀምጬ ነበር። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ቤቱም መሬቱም በእሱ ላብ ብቻ እንደመጣ አንዲት ቃል ሳያደናቅፈው አስረዳ።

«አንቺስ ልጄ፣ ድርሻዬ የምትዪው ምንድነው?» አሏት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሸኽ ኑሀ።



«ድርሻዬ አፉ ውስጥ ነው» አለች ራዊያ። «አሁን ሲናገርበት ሰማችሁት።»