ከበሩ የሚታዩት ክንፎች

ሰበታ በምሠራበት ፋብሪካ የቦይለሩን ጭስ የሚስብ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማራገቢያ አለ። እሱ ከቆመ ቦይለሩ ይጠፋል፤ ቦይለሩ ከጠፋ ሁላችንም ቆመን እንተያያለን።

ይህን ማራገቢያ ለዓመታት ያስታመሙት ከተፍኪ የሚመላለሱ ሽማግሌ ናቸው። ኦቦ ካፖ እንላቸዋለን፤ አቶ ፎርማን እንደማለት ነው። ምርመራቸው አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው፤ ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ ያለበት ብረት ላይ ያስቀምጡትና ውሃው ሲርገበገብ አይተው «ዛሬ አሞታል» ይላሉ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ እስቅ ነበር። ንዝረት የሚለካና ንዝረቱ ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋ ሴንሰር ካስገጠምኩ በኋላማ ልቤ አበጠ። «መሣሪያው ስላለ የካፖው መደብ አያስፈልግም» ብዬ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። አለቆቹም መጥተው መሣሪያውን አይተው መደቡን ለመሰረዝ ሊፈርሙ ቀን ቆረጡ።

የቀጠሮው ጠዋት ማራገቢያውን አስቁሜ የመፈተሻውን በር ብከፍት ክንፎቹ ጥቀርሻ ለብሰዋል። እንግዳ እየመጣ ይሄ እንዴት ይታያል? እጅጌዬን ሰብስቤ በበሩ በኩል የሚታዩትን ክንፎች ፈግፍጌ አብለጨለጭኳቸው። ሳሎኑን ጠርጎ ጓዳውን መዝጋት ከቤት የለመድኩት ነው።

አለቆቹ የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ማራገቢያውን አስነሣሁት። ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ ሴንሰሩ ሞተሩን አጠፋ፣ ፋብሪካው ጸጥ አለ። «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አልኩ። ያፈርኩት ግን ያኔ አልነበረም፤ በኋላ ነው።

ኦቦ ካፖ በመፈተሻው በር አንገታቸውን አስገብተው አዩ።

«ማነው ያጸዳው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከጀርባ ያሉትንስ?»

አጎንብሼ አየሁ። ግማሹ ጥቀርሻ እንደተሸከመ ግማሹ ቀሎ፣ ክንፎቹን የያዘው መንኮራኩር ወደ አንድ ወገን አጋድሏል። ጨርሶ ባልነካው ይሻል ነበር።

«ኮቱ፣ ና» አሉኝ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ደብቀው። እሳቸው መንኮራኩሩን በእጅ እያዞሩ፣ እኔ እየፈገፈግኩ የቀሩትን ክንፎች ጨረስን። ማራገቢያው ሲነሣ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ውሃው አልተነቃነቀም።

ጥቀርሻ በጥቀርሻ ሆኜ ስወጣ አንደኛው አለቃ «እንግዲህ ጥፋቱን ያገኘው መሣሪያው ነው?» አለኝ። አዎ ብል ይፈርም ነበር፤ ብዕሩ እጁ ላይ ነው።

«መሣሪያው መንቀጥቀጡን ነገረን። ምክንያቱን ያወቁት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤዬን መልሱልኝ» አልኩ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ብጀምር፣ ኦቦ ካፖ ብርጭቆውን እያጠቡ አቋረጡኝ።

«ያቺን ወረቀት ጠረጴዛህ ላይ አይቻት ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ግማሿን ብቻ ነበር የጻፍካት፤ ስትጨርሳት ልይ ብዬ ነው። አንተ የሚታየውን ብቻ ነው የምትነካው።»